ለገሃርን አይቼ መጣሁ፤ የኛስ ወደብ?

ዘጣና | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ነው የቤቱ ሰዎች?

ባለፈው ሳምንት ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩ። አንድ ከሰዓት ተረፈኝና ከፒያሳ ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድኩ። መንገዱ ወስዶ የሚጥላችሁ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ነው። ከአንበሳው ጀርባ የድሮው ባቡር ጣቢያ ቆሟል።

ዕድሜ ልኬን ለገሃር ሲባል የታክሲ ረዳት የሚጠራው ሰፈር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ የፈረንሳይኛ "ላ ጋር" መሆኑን፣ ትርጉሙም "ጣቢያው" እንደሆነ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ሕንጻው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። ሐዲዱ ግን ከዚያ 13 ዓመት ቀድሞ በ1909 አዲስ አበባ ገብቷል። ባቡሩ መጀመሪያ መጣ፣ ከተማውን ለመደ፣ ወግ ያለው ቤት የተሠራለት ቆይቶ ነው።

ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። የከሰዓት ፀሐይ ድንጋዩን አሙቆት ነበር። ከላይ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈው ስም አለ። ቆም ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ምንም የለም። ፊሽካ የለም፣ ተሸካሚ የለም፣ "ስትደርስ ጻፍልኝ" የሚል የለም። ሠርጉ አልቆ ሳይነቀል የቀረ ድንኳን መሰለኝ።

ባሕር ዳር በገባሁ ማግስት ሐይቁ ዳር ወጣሁ። የኛ ከተማ ባቡር አይታ አታውቅም። ጣቢያ የሚባል ከነበራት ግን ወደቡ ነው። ጣልያን በወረራው ጊዜ ጣና ላይ የሞተር መርከብ ካስገባ ወዲህ ስንት ሰው ተሳፍሮበታል፣ ስንት ሰው ተሸኝቶበታል። አዲስ አበባ ሕንጻዋን አተረፈች እንበል። እኛ ከወደቡ ምን እናተርፋለን? ፎቶ ያለው፣ ወሬ ያለው፣ ወዲህ በል።

---

የካርታው_ባቡር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

አይ ዘጣና! ባቡር በሌለበት ከተማ የባቡር ጣቢያ ቅርስ? አሁንስ አበዛኸው።

የኛ ባቡር ካርታ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው። በብሔራዊው የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ በወረታ አድርጎ ወልድያ የሚገባ መስመር ተሥሎ ነበር። አጎቴ "ጣቢያው እዚህ ጋ ነው የሚያርፈው" ብሎ መሬት ሊገዛ ትንሽ ነበር የቀረው። እግዜር አወጣው።

ደግሞ እምቦጩ ሐይቁን እየበላው፣ ወጣቱ ሥራ ፈትቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የዛገ ብረትና የድሮ ቆርቆሮ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

---

የድሬ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ካርታው፣ "የዛገ ብረት ማን ያየዋል" ስትል ሆዴን ነው የወጋኸኝ። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ እንጀራ ያመጣኝ የባሕር ዳር ሰው ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር።

ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። አጼ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ጅቡቲ ላይ በ1890 ተጀመረ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው ግን ገንዘብ የሚበላ ሆነ። ሽቅብ መውጣቱ ቀረና ከሥር ሜዳው ላይ ቆሙ። በ1895 ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ ነው ድሬዳዋ የሆነው። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር ያሉት። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 14 ዓመት ፈጀ። ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ባቡሩ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ከዚራን ያየ ሰው ያውቀዋል። ቀጥ ያለ ጎዳና፣ ግራና ቀኝ ዛፍ። ያንን ሰፈር ያመጣው ባቡሩ ነው። ደቻቱን ስትሻገር መጋላ፤ ሌላ ዓለም።

እኔ ግን ባቡር ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ የአባቴ እጅ ነው። ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙናም በአሸዋም አይለቅም። ለበዓል ዋዜማ እናቴ ሎሚ ቆርጣ ትሰጠዋለች፣ ደጃፍ ተቀምጦ ሲፈትግ ያመሻል። ወርክሾፑ ውስጥ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ አይጠበቅም ነበር። ብረቱን አቅልጠው፣ በቶርኖ አስተካክለው ራሳቸው ይሠሩታል። አባቴ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይናገራል፤ ብረት ሲለካ ግን ቁጥሩን በፈረንሳይኛ ነበር የሚቆጥረው። ከነሱ ሲማር የሰማው እንደዚያ ነዋ። ቤት ውስጥ የበር ፍሬም ሲለካም በፈረንሳይኛ።

አሁን ጣቢያውን ቀለም ብትቀባው ያንን አቆጣጠር የት ታገኘዋለህ?

---

መሐንዲሷ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡12

ድሬ፣ እንዲህ አድርገህ ስትጽፍ ሌላው ዝም ቢል ይሻላል። ግን የሙያዬ ነገር ስለሆነ አልችልም።

ሰዎች ጣቢያ ሲባል ሕንጻው ይታያቸዋል። ጣቢያ ግን ሰው ስላለ አልነበረም የሚሠራው። የእንፋሎት ባቡር ዋና ችግሩ ጥም ነው። ውኃውን አፍልቶ፣ እንፋሎቱን ተጠቅሞ በጭስ ማውጫው ይለቀዋል፤ አይመልሰውም። ስለዚህ በየመንገዱ መጠጣት አለበት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ያውም ብዙው በረሃ ነው። ውኃ የሚገኝበት ወይም የሚቀዳበት ቦታ ሁሉ ጣቢያ ሆነ። ጣቢያው ቆይቶ ሻይ ቤት ወለደ፣ ሻይ ቤቱ መንደር፣ መንደሩ ከተማ።

ሌላው ነገር ሐዲዱ አንድ ነጠላ መሆኑ ነው። ከታች የሚመጣውና ከላይ የሚወርደው መንገድ ላይ ከተገናኙ አለቀላቸው። አንዱ ጣቢያ ላይ ጎን ሐዲድ ገብቶ ይጠብቃል። "መንገዱ ነጻ ነው" የሚለውን ቃል ጣቢያ ለጣቢያ የሚቀባበሉ ሰዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ቢያንቀላፋ መዘዙን አስቡት።

የናፍጣ ሞተር ሲመጣ ውኃው አላስፈለገም። የውኃ ጋኑ ሥራ ፈታ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈርሰውም እሱ ነው፤ "አያምርም" ይባላል። ጣቢያው ለምን እዚያ ቦታ እንደተሠራ የሚነግርህ ግን እሱ ነበር። መልከ መልካሙ ፊት ይቀራል፣ ሆድ ዕቃው ይጣላል። ስናድስ የምንሠራው ስህተት ይኸው ነው።

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። አሮጌው ባቡር አዲሱ ላይ አይሄድም። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ መነሻው ፉሪ ለቡ ነው፣ መሃል ከተማ አይገባም። ዘጣና ያየኸው ዝምታ እንግዲህ ከዚያ ነው።

---

የካርታው_ባቡር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እሺ፣ የድሬ ልጅን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የአባትህ ሎሚ አስቆጭቶኛል።

ግን ወደ መሬት እንውረድ። በ2011 ይፋ የሆነው የለገሃር ግንባታ 360 ሺህ ካሬ ሜትር ላይ ነው። የድሮው ጣቢያ እንደ ቅርስ ይቆያል ነው የተባለው። በሰማይ ጠቀስ መሃል ካፌ ሆነ እንበል፤ ምን ነውር አለው? ማኪያቶ የሚሸጥበት ቤት ቢያንስ ጣሪያው አያፈስም። ቅርስ ነው ብለው ቆልፈውት የሌሊት ወፍ የወረሰው ቤት እዚህ አካባቢስ አጣን እንዴ?

---

የድሬ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52

ካፌ መሆኑን አልጠላም። አዋሽ ላይ ፈረንሳዮቹ ለመንገደኛ የሠሩት ቡፌ አለ። ባቡሩ እዚያ ይቆማል፣ ሰው ወርዶ ይበላል፣ ያድራል። ያ ከመጀመሪያውም ሥራው ማብላትና ማሳደር ነበር። እዚያ ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ ቤቱ የሚያውቀውን ሥራ ነው የሚሠራልህ።

አዋሽ ሲባል ደግሞ ሌላም አለ። ጥር 1977 ከድሬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ሲታጠፍ በፍጥነት ብዛት ከሐዲዱ ወጣ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት አልነበረም ይላሉ እናቴ። የባቡር ቅርስ ሲባል ፊሽካና ትዝታ ብቻ ካደረግነው እነዚህን ሰዎች የት አስቀመጥናቸው?

አንድ ደስ የሚለኝ ደግሞ ልንገራችሁ። የምጽዋ አስመራ መስመር በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ምሽግ መሥሪያ ሆኖ ነበር። በኋላ ጡረታ የወጡትን የባቡር ሠራተኞች ሰበሰቧቸው። ሽማግሌዎቹ እያነከሱ መጥተው ያንኑ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር አስነሱት። መጽሐፍ ሳይሆን እጃቸው ነበር የሚያስታውሰው። እነሱ ሞተው ቢሆን ኖሮ ብረቱ ሁሉ እያለ አይሆንም ነበር።

---

ብራና_07 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ማታ ተኝቼ አመለጠኝ። እኔ የሰነድ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ወረቀት ልናገር።

ከጥቂት ዓመት በፊት ገበያ ላይ የአምስት ብር ቆሎ ገዛሁ። ሴትዮዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የጭነት ደረሰኝ ነው። በሐምራዊ ቀለም የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው፣ የላኪና የተቀባይ ስም፣ የጆንያ ብዛት። ጨው ነክቶት ቀለሙ በአንድ ጎን ፈሷል። ተመልሼ "እናቴ፣ ይኼን ወረቀት ከየት አመጣሽው?" አልኳት። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ በኪሎ ሸጦላት ነው። የቀረውን ልግዛሽ ብላት "በርበሬ ጠቅልዬ ጨረስኩት፣ ልጄ" አለችኝ።

እና ካርታው፣ ጣሪያ ማፍሰሱ ያሳዝናል፤ ይጠገናል ግን። በርበሬ የተጠቀለለበት ግን አይመለስም።

ሕጉን ለማታውቁት፦ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል። ሕንጻው ብቻ አይደለም ቅርስ የሚሆነው፤ ጽሑፍና ዕቃም ይገባበታል። ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ የመንከባከብ ግዴታ አለበት። እኛ ግን ቅርስ ሲባል ጎንደር ቤተ መንግሥትና ደሴት ላይ ያለ ገዳም ብቻ ስለሚታየን፣ የትኬት ጉርድና የመዝገብ ደብተር ያለው ሰው ቅርስ እንዳለው አያውቅም።

---

ዘጣና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡48

የቆሎው ነገር አቃጠለኝ።

ብራና፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ምን ያድርግ? በቀላሉ ንገሪን። አብዛኞቻችን ስልክ እንጂ ስካነር የለንም።

---

ብራና_07 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ስልክ ይበቃል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብርሃን አንሱት። ፍላሽ አታብሩ። ከገጹ ጎን ማስመሪያ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ባዶ ገጽም ቢሆን አትዝለሉ፤ ከጀርባ የተጫረ ነገር አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ ግን ላሚኔት አታስደርጉ! ስንት ሰው "ተጠብቆ እንዲቆይ" ብሎ የአያቱን ወረቀት በፕላስቲክ አስጠብሶ አበላሽቶታል። ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ ከዚያ ወዲያ ማውጣትም አይቻልም። ስኮች ፕላስተርም እንዲሁ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ቁጥር መስጠት ካማራችሁ በእርሳስ፣ ጠርዝ ላይ፣ ቀስ ብላችሁ።

የኛ አገር አየር ደግሞ የሐይቅ አየር ነው። በክረምት ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ታስሮ በፌስታል ከተቀመጠ ይሻግታል። የካርቶን ሳጥን፣ ከመሬት ከፍ ያለ መደርደሪያ፣ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ። በቃ።

---

የቀን_ሠራተኛ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

አንድ ነገር ልጠይቅ። "ባቡር" ከየት የመጣ ቃል ነው? እኛ አገር ቤት፣ ደንበጫ በኩል፣ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። "እህል ባቡር ላይ ነው" እንላለን። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ባቡር አለ ሲሉኝ ትልቅ ወፍጮ መስሎኝ ነበር።

---

መሐንዲሷ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡34

ሳቄን አመጣኸው፤ ግን ልክ ነህ። ቃሉ በአረብኛ በኩል የመጣ ነው። ሥሩ እንፋሎት የሚለው የፈረንጅ ቃል ነው። አረቦቹ ባቡር የሚሉት የእንፋሎት መርከብን ጭምር ነው። በእንፋሎት የሚጮህ፣ የሚሽከረከር ሁሉ ባቡር ተባለ፤ ወፍጮውም ስሙን ያገኘው ከሞተሩ ነው። እኔ እንደሚገባኝ "ምድር ባቡር" ብለው ምድርን የጨመሩበት የባሕሩም ባቡር ስለነበረ ነው።

ዘጣና፣ ጥያቄህ ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ወደብና የባቡር ጣቢያ በስምም ዘመድ ናቸው።

---

የካርታው_ባቡር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡02

እንግዲያው በ2017 ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ በሎቤድ ተጭና፣ ስንት ተራራ ወጥታ ወርዳ ባሕር ዳር የገባችው ምን ልትባል ነው? መርከብ ሆና በምድር የመጣች። ምድር ባቡር ማለት እሷ ናት!

ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ እልል ሲላት አይቼ እኔም በልቤ እልል ብያለሁ። አልክድም።

---

የድሮ_መርከበኛ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይነካካል።

የምታወሩትን ከትናንት ጀምሮ አነበበልኝ። በጣና መርከብ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ገመድ ሳቢ፣ ከዚያ ሞተር ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ጭነት መዝጋቢ። ስለዚህ ስለ ወደብ ከተነሳ ትንሽ አውቃለሁ።

የጎርጎራው ጉዞ እሁድ በጠዋት ነበር የሚነሳው። ዘጌ፣ ደቅ እስጢፋኖስ፣ ቁንዝላ። ቁንዝላ ይታደራል። በማግስቱ እሴ ደብር፣ ደልጊ፣ ከዚያ ጎርጎራ። ጣና ትንሽ የሚመስለው ከባሕር ዳር ሆቴል በረንዳ ላይ ለሚያየው ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ መሃሉ ላይ ማዕበሉን ያየ "ባሕር" ለምን እንደተባለ ይገባዋል። ስለዚህ ነው በጠዋት የምንነሳው። እናንተ ባቡር ውኃ ፍለጋ ይቆማል አላችሁ። እኛ ደግሞ የነፋሱን ሰዓት አይተን ነበር የምንቆመው።

ሰው እንዳይመስላችሁ ብቻ። ከዘጌ ቡናና ጌሾ፣ ከደልጊ በኩል እህል፣ ማር በእንስራ፣ ዶሮ፣ ፍየል፣ የታመመ ሰው በቃሬዛ፣ ሙሽራ ከነሚዜዎቿ። አንድ ጊዜ ደቅ ላይ አንድ መነኩሴ በሬ ይዘው መጡ። በሬው ሳንቃው ላይ ግማሽ ወጥቶ አልሄድም አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ መርከቡ በበሬ ታሰረ። ካፒቴኑ ተቆጣ። መነኩሴው "እሱ ጾመኛ ነው፣ ቸኩሎ አያውቅም" አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀና ቁጣው ጠፋ።

ደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች ደግሞ መርከቡ ሲጠጋ አሣቸውን ይዘው ይከቡናል። ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ጊዜ በላይ አያገለግልም፤ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፣ ሲያልቅ ሌላ ያስራሉ። እንግዲህ ያንን ምን ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ? ዕቃው አይቆይም። አስተሳሰሩን የሚያውቅ ሰው ነው የሚቆየው። ይህን የምላችሁ የድሬው ልጅ ስለ አባቱ እጅ የተናገረው ልቤን ስለነካው ነው።

አሁን ስለ ወረቀቱ። እኔ ለመሥሪያ ቤት ከምጽፈው ሌላ ለራሴ ትንሽ ደብተር ነበረችኝ። ሒሳብ እንዳልሳሳት። አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ፣ ሳጥን ውስጥ አሉ። ልጅቷ ፌስታል አይሆንም ስትል ደነገጥኩ። በፌስታል ነው ያሉት።

---

ብራና_07 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡58

አባባ፣ እንደምን ነዎት! እባክዎ አይደንግጡ። ዛሬ ማታ ከፌስታሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ያኑሯቸው። የተጣበቀ ገጽ ካለ በግድ አይለያዩት። እሳት አጠገብ፣ ፀሐይም ላይ አያስጡት። ቀስ ብሎ በራሱ ይደርቃል።

---

ዘጣና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡04

ጋሼ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያነበብኩት። በሬው ያለበትን ታሪክ የልጅ ልጅዎ በድምፅ ቢቀዳልን። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ እርስዎ ሲስቁ ግን አይሰማም።

---

የድሬ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡11

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አባቴ በሕይወት እያለ ያልቀዳሁት ያንገበግበኛል። ፈረንሳይኛ ሲቆጥር "ምን ይላል ይኼ ሽማግሌ" ብለን እንስቅበት ነበር።

---

የካርታው_ባቡር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ጋሼ፣ እኔ ነኝ ትናንት "የዛገ ብረት ማን ያየዋል" ያልኩት። አፌን በቁርጥማት ይያዘው።

ግን ተንኮሌ አይለቀኝምና አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጣልያን ዘመን የቀረውስ? ጎርጎራ ላይ የሙሶሎኒ ሐውልት አለ ይባላል። ወደቡንም መርከቡንም ያመጣው ወራሪ ነው። እሱን ቅርስ ብለን ልንሳለመው ነው?

---

መሐንዲሷ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡47

ተንኮል አይደለም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የለገሃር ታሪክም ከዚሁ አያመልጥም። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አገር ጥለው የወጡት በዚያው ባቡር ነው። ጣቢያው ፊት ያለውን አንበሳ ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ በኋላ ተመለሰ። ይኼ ሁሉ ሆኖ ማንም "አንበሳውን አታሳዩን" አላለም። ተሰርቆ መመለሱ ራሱ ታሪኩ ሆነ።

መርከቡን ያስመጣው ጣልያን ይሁን እንጂ ለስንት አሥርት ዓመት ያንቀሳቀሱት እንደ አባባ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስማቸው ግን የትም አልተጻፈም። ሐውልቱን "ይኼ ነበር" ብሎ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ገመድ የሳበውን ሰው ስም መጻፍ ግን ይቀድማል። እኔ ብጠየቅ ከደብተሩ ነው የምጀምረው።

---

የቀን_ሠራተኛ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ብየዳ እሠራለሁ። ወደቡ አካባቢ የድሮ መልሕቅ፣ የገመድ ማሰሪያ ብረት፣ ምናምን ካለ ከቁራሌው በፊት ብንደርስ ጥሩ ነው። ቁራሌው በኪሎ ነው የሚያስበው፣ አይፈረድበትም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አራግፎ ዘይት መቀባት እችላለሁ፤ በነጻ። ቀለም ግን አትቀቡት። ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ላይ ሻሽ መጠምጠም ነው፤ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

---

አወያይ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይህን ክር ከላይ ሰክቼዋለሁ። ፎቶ የምትለጥፉ፣ ማን እንዳነሳውና የት እንደሆነ ጻፉበት። የቤተሰብ ሰው ያለበት ከሆነ መጀመሪያ አስፈቅዱ።

---

ዘጣና | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ እናድርገው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሐይቁ ዳር እንገናኝ፣ ፀሐይዋ ሳትከር። ጋሼ ከተመቻቸው ከልጅ ልጃቸው ጋር ይመጣሉ፤ ካልተመቻቸው እኛ ቤታቸው እንሄዳለን። ብራና ማስመሪያ ትይዛለች። ድሬ ድምፅ ይቀዳል። የቀን ሠራተኛ ብረቱን ያያል። ካርታው ደግሞ... ካርታው ቡና ይጋብዛል፣ ቅጣቱ ነው።

መግባት የሚከለከል ቦታ ካለ ፈቃድ እንጠይቃለን፣ አጥር አንዘልም።

---

የካርታው_ባቡር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡41

ተቀብያለሁ። ግን ማኪያቶ አይደለም፣ ጀበና ነው።

---

የድሮ_መርከበኛ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

እንደምን ዋላችሁ። ደብተሮቹን አወጣናቸው። ሁለቱ ጠርዛቸው ሻግቷል፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ልጁ አንዱን ገልጦ አነበበልኝ። እንዲህ ይላል፦

"ደቅ። ጌሾ 4 እስር። ዘጌ ወራጅ 9 ሰው። አንዲት ሴት፣ ዶሮ 11፣ ሒሳብ አልከፈለችም፣ ስትመለስ ትከፍላለች ብዬ አሳልፌያታለሁ።"

ከጎኑ በሌላ ቀለም "ከፈለች" የሚል አለ። ይኼን መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ሴትዮዋን ግን አስታውሳታለሁ። ዶሮዎቹ እግራቸው በደንገል ነበር የታሰረው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሳንቃው የሚዘረጋበት ቦታ አሁን ሌላ ነው፤ የድሮውን አሳያችኋለሁ።